እንግዳችንን ከማሽኑ ፊት እናንሳው
(በላስ ቬጋስ ለአዲስ ዓመት በዓል የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችን፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

አዘጋጆቹ ስለምንኖርበት ከተማ እንድናገር ጋብዘውኛል። አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ኤርፖርት ላይ ተራ ስንጠብቅ ስንት ወሬ አውርተናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካርታ የሚያድል ዲለር አለ። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ እህት አለች። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንቅልፍ ሳያይ የመጣ ሾፌር አለ። ብዙዎቻችን ልጅ ያሳደግነው፣ ወላጅ የጦርነው በዚያ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የምንበላበትን ልሰድብ አልመጣሁም።

የመጣሁት ስለ እንግዳ ልናገር ነው።

ዘመድ ከአገር ቤት ይመጣል። ከሲያትል፣ ከዲሲ ይመጣል። ገና ሻንጣውን ሳይቀበል የቁማር ማሽን ያያል፤ ኤርፖርቱ ውስጥ ሳይቀር ተደርድሯል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ቤት እናስገባዋለን፣ እናበላዋለን፣ እናጠጣዋለን። እዚህ ላይ አንታማም። ማታ ግን ትልልቆቹ ካሲኖዎች ወደተደረደሩበት ጎዳና፣ ወደ ስትሪፕ ወስደን "እስቲ ዕድልህን ሞክር" እንለዋለን። ሃያ ዶላር እናስጨብጠዋለን። እሷ ስታልቅ ከራሱ ኪስ ያወጣል። ነጋ፣ መሸ፣ እዚያው ነው። ሳምንቱ አለቀ። አገሩ ሲመለስ "ቬጋስ እንዴት ነው?" ይሉታል። "የቁማር አገር ነው" ይላል። ማን ነው እንደዚያ አድርጎ ያሳየው? እኛ ነን!

የባለቤቴ አጎት ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን በመንገድና በድልድይ ሥራ ያሳለፉ የግንባታ ፎርማን ናቸው። ዘመድ አዝማድ ከካሲኖ ካሲኖ ሲያዞራቸው ሰነበተ። በኋላ ከቤት አልወጣም አሉ። ጩኸቱና ጭሱ አድክሟቸዋል። እኔም አንድ ጠዋት መኪና ውስጥ አስገባኋቸውና ወደ ሁቨር ግድብ ይዣቸው ሄድኩ። ከስትሪፕ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ግድቡ አናት ላይ በእግር መሄድ ነፃ ነው። ጋሼ መሐል ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ከፍታው 221 ሜትር ነው። ከኔቫዳ ተነስተው ጥቂት ሲራመዱ አሪዞና ይገባሉ። እሳቸው ለዓባይ ግድብ ቦንድ የገዙ ሰው ናቸው። እናንተም ገዝታችኋል። የኛ 145 ሜትር ነው፤ በርዝመት ግን ይሄንን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ሙያቸው ገቡ። "ልጄ፣ ይህ ሁሉ ኮንክሪት ሙቀቱን ምን አደረጉት?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው የባለሙያ ነው። ኮንክሪት ሲጠነክር ይሞቃል። ይህን የሚያህል ክምር በአንድ ላይ ቢፈስስ እስኪበርድ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር፤ ሲበርድም ይሰነጠቅ ነበር። ስለዚህ በየብሎኩ ከፋፍለው አፈሰሱት። በውስጡ ቀጫጭን የብረት ቧንቧ ዘረጉ። መጀመሪያ የወንዙን ውሃ፣ ቀጥሎ በማቀዝቀዣ የበረደ ውሃ አሳለፉበት። ሲበርድ ቧንቧዎቹን በሲሚንቶ ደፈኗቸው። በፈረንጆቹ በ1931 የተጀመረው ሥራ በ1935 ተመረቀ።

ጋሼ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። "ስንት ሰው ሞተ?" ብለው ጠየቁኝ። በመንግሥት መዝገብ 96 ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩ አሉ እየተባለ የሚወራው እውነት አይደለም። የጥቁር ሠራተኞች ቁጥር ግን እጅግ ጥቂት እንደነበር፣ ለግንበኞቹ በተሠራችው በቦልደር ሲቲ እንዲኖሩም እንዳልተፈቀደላቸው ነገርኳቸው። በዚያ በረሃ ቆመን ብዙ አወራን። ወደ ቤት ስንመለስ አጎታችን ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ለባለቤቴ ግድቡን ከመሠረቱ ጀምረው አስረዷት።

ስለዚህች ስለ ቦልደር ሲቲ አንድ ነገር ልጨምር። ስትመሠረት ቁማር ተከልክሎባታል፤ መንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ጠረጴዛ ላይ እንዲጥል አልፈለገም። እስከ ዛሬም ቁማር ክልክል ነው። በኔቫዳ ምድር! ከኛ ቤት ግማሽ ሰዓት ላይ! ታዲያ እኛ ከአገር ቤት የመጣችን እናት፣ በሕይወቷ ሎተሪ ቆርጣ የማታውቅን እናት፣ ምን ሆነን ነው ማሽን ፊት የምናስቀምጣት? በሌላ ቀን ልጇን እዚያው ወንበር ላይ ብታገኘው ምን ይሰማታል?

ልጆቻችንንም እናስብ። 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቁማር መጫወት አይችልም፤ ቁማር ቦታው ላይ መቆምም ሕጉ አይፈቅድለትም። እዚህ ተወልደው ሬድ ሮክ ካንየንን በመስኮት ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉን። በምዕራብ በኩል ከስትሪፕ 17 ማይል ገደማ ነው። ያ ቀይ ተራራ በአንድ ወቅት በነፋስ የተከመረ የአሸዋ ክምር ነበር። ቀይ ያደረገው በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ ነው። ከፍ ብላችሁ ስታዩ ግራጫው ድንጋይ ቀዩ ላይ ተጭኗል። ከላይ ያለው በዕድሜ ይበልጣል! ምድር ተገፍታ አሮጌውን በአዲሱ ላይ አወጣችው። ይህን ለልጅ አሳዩት። ከኦክቶበር እስከ ሜይ በመኪና ለመግባት ሰዓት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ።

ኒዮን ሙዚየምም ውሰዷቸው። አሮጌ የሆቴል መብራቶች የተሰበሰቡበት ግቢ ነው። የመግቢያው ሕንፃ የድሮ ሞቴል ሎቢ ነው። የነደፈው ጥቁር አሜሪካዊው አርክቴክት ፖል ዊልያምስ ነው። ሞውላን ሩዥ የሚለው መብራትም እዚያ ተጠግኖ በርቷል። ሞውላን ሩዥ በፈረንጆቹ በ1955 የተከፈተ፣ በላስ ቬጋስ ጥቁርና ነጭ አብረው የገቡበት የመጀመሪያው የካሲኖ ሆቴል ነበር። በዚያን ጊዜ ጥቁር ዘፋኝ ስትሪፕ ላይ ዘፍኖ እዚያው ማደር አይችልም ነበር። በ1960 ይህ እንዲያበቃ ስምምነት የተደረገው በዚያው በሞውላን ሩዥ ነው። ዛሬ እኔና እናንተ በፊት በር የምንገባው ሰዎች ስለታገሉ ነው። ገብተን ደመወዛችንን ብቻ ልንጥል ነው እንዴ?

ሰዓቱን እንዳልበላ ሌላውን ባጭሩ ልበል። ስትሪፕ ራሱም ያለ ቁማር ይታያል። በቤላጂዮ ሆቴል ፊት ያለው ፏፏቴ በፈረንጆቹ ከ1998 ጀምሮ በሙዚቃ ይጨፍራል፤ አይከፈልበትም። እዚያው ውስጥ ያለው የአበባ አዳራሽም ነፃ ነው፤ በየወቅቱ ይቀየራል። ሃይ ሮለር የሚባለው 167 ሜትር ከፍታ ያለው መንኮራኩር በግማሽ ሰዓት ከተማውን ከላይ ያሳያችኋል። የድሮ ዕቃ ወዳጅ የሆነ ዘመድ ካላችሁ፣ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱባቸው የድሮ ማሽኖች ያሉበት የፒንቦል አዳራሽ አለ። ሙቀት ያማረረው ሰው ወደ ማውንት ቻርለስተን ተራራ ይውጣ፤ በብርዱ ወራት በረዶ አለ። በሙቀቱ ወራት ግን በረሃውን በጠዋት ጎብኙ፣ ውሃም በብዛት ያዙ።

አሁን ወደ ሥራው። በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሬድ ሮክ እንሂድ። ቫን ያላችሁ፣ በዚያ ቀን ሺፍት የሌላችሁ፣ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ ስማችሁንና የምትይዙትን ሰው ቁጥር ጻፉልኝ። መኪና የሌላችሁ እናቶችም ጻፉ፤ ቤታችሁ ድረስ መጥተን እንወስዳችኋለን። ለመግቢያው ሰዓት የማስያዙን ሥራ እኔ እወስዳለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!