ግሊሰሪን፣ ቫዝሊን፣ ሴራማይድ፦ ከሎሽኑ ጀርባ የተጻፈው ምንድን ነው?

[በምስል፦ አንድ የሎሽን ዕቃ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባው ይዞራል፤ ካሜራው ወደ ደቃቁ ጽሑፍ ይጠጋል]

ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ሎሽን ፊቱ ላይ የአበባ ሥዕል አለ፣ «የ48 ሰዓት እርጥበት» የሚልም በትልቁ ተጽፎበታል። እሱን ለጊዜው እንተወውና ዛሬ ጀርባውን እናንብብ። እዚያ ያሉትን ስሞች አምስት ስድስቱን ካወቃችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ሁለት ዕቃ ማወዳደር አይከብዳችሁም።

መጀመሪያ ግን ቆዳ ለምን ይደርቃል? የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ንጣፍ ከወረቀት የሳሳ ነው። የሞቱ ሴሎች ተደራርበውበታል፣ በሴሎቹ መካከል ደግሞ ስብ አለ። ከሰውነታችን ውስጥ ውሃ በዚህ ንጣፍ በኩል ሳያቋርጥ ይተናል። ስቡ በሳሙና ብዛት፣ በሙቅ ውሃ ወይም በዕድሜ ሲመናመን ትነቱ ይጨምራል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። በጋ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ እጃችን የሚነጣው፣ ዱባይ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሥር የሚውል ሰው ከንፈሩ የሚሰነጠቀው፣ ሚኒሶታ ያለ ዘመዳችን ክረምት በገባ ቁጥር ቅልጥሙን የሚያክከው በዚሁ ምክንያት ነው።

[በምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የግሊሰሪን ጠርሙስና የቫዝሊን ዕቃ ጎን ለጎን]

ከግሊሰሪን እንጀምር። ፋርማሲ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ወፈር ያለ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነው። ሳሙና ሲሠራ ከስብ ተለይቶ ይወጣል። ሥራው ውሃ መሳብ ነው፦ ቆዳ ላይ ሲቀባ ከአየርም ከቆዳው ሥርም ውሃ ስቦ የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ያቆየዋል። ችግሩ አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ነው። ያኔ ከአየር የሚስበው ስለሚያጣ ፊቱን ወደ ቆዳው ሥር ያዞራል። ንጹሑን ግሊሰሪን እንዳለ ተቀብተው «ጭራሽ አደረቀኝ» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። በውሃ ወይም በጽጌረዳ ውሃ ቀጥኖ፣ ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይቀባል። ሎሚ የምትጨምሩበት ካላችሁ ግን ተዉት። ሎሚ ቆዳን ያቃጥላል፤ ተቀብተው ፀሐይ ላይ ከወጡ ደግሞ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ፖዶኮኒዮሲስን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ፣ ዝሆኔ የምንለው ዓይነት የእግር እብጠት ነው። እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ በኩል ጀርም ይገባል። ሕክምናው እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ መዘፍዘፍና መቀባት ይጨምራል። በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨምሮ ውጤቱን ከተለመደው አሠራር ጋር አወዳደረ። በሁለቱም ቡድኖች የታካሚዎቹ ቆዳ ተሻሽሏል፤ ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ግን ውሃ በመያዝም ትነትን በመቀነስም በልጠው ተገኙ። ልብ በሉ፣ 2 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ቫዝሊን። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮበርት ቼዝብሮ የሚባል ወጣት ኬሚስት አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ታይተስቪል የምትባል ከተማ ወዳለ የነዳጅ ጉድጓድ ሄደ። ሠራተኞቹ የፓምፑ ዘንግ ላይ የሚጋገረውንና ሥራ የሚያስፈታቸውን ዝቃጭ እየፋቁ ቁስልና ቃጠሎ ሲቀቡት አየ። ያንን አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት አወጣበት። (ሰውዬው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይበላ ነበር ይባላል፤ 96 ዓመት ኖሯል። እናንተ አትሞክሩት።)

ቫዝሊን ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። የሚሠራው መክደን ብቻ ነው፤ በዚህ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። የቆዳ ሕክምና መጻሕፍት ትነቱን ከ98 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ይጽፋሉ፤ ለሌሎቹ ዘይቶች የሚሰጡት ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትኩስ እንጀራ ቶሎ ከተከደነ እንደለሰለሰ ያድራል፤ ከደረቀ በኋላ ብትከድኑት ግን መልሶ አይለሰልስም። ቫዝሊንም እንዲሁ ነው፤ ደረቅ እጅ ላይ ቀብታችሁት ተአምር አትጠብቁ።

[በምስል፦ ሁለት እጆች። ግራው ደረቅ፣ ቀኙ አሁን ታጥቦ በፎጣ ጠቅ ጠቅ የተደረገ። ሁለቱም ላይ እኩል ቫዝሊን ይቀባል]

በቤታችሁ ሞክሩት። ቀኙ ላይ በጣም ትንሽ ይበቃል፣ ቶሎም ይሠራጫል። ግራው ላይ ይለጠጣል፣ ያብለጨልጫል፣ ከሥር ያለው ቆዳ ግን እንደሻከረ ነው። በቀጭን ግሊሰሪን ጀምሮ በቫዝሊን መጨረስ በርካሽ ሊገኙ ከሚችሉት አቀባቦች የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ለፊት ግን ይከብዳል፤ ብጉር የሚወጣበት ሰው አይወደውም። ለእሱ ዳይሜቲኮን ያለበት ይሻለዋል። ሲሊኮን ነው፣ ይከድናል፣ ግን ቀላልና የማይቀባባ ነው።

ዘይቶቹስ? የወይራ ዘይት በጣም እንወዳለን፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ለሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ የተቀቡ ሰዎች ቆዳቸው መከላከያው እንደተዳከመ አሳይቷል። ምክንያቱ ኦሌይክ አሲድ የሚባለው በውስጡ ያለው ስብ ነው፤ በሴሎቹ መካከል ያለውን የስብ አሰላለፍ ይበትነዋል። እዚያው ጥናት ላይ የሱፍ አበባ ዘይት ቆዳውን ሳይጎዳ እርጥበቱን አሻሽሏል። ወጥ ቤት ያለው ርካሹ ዘይት አሸነፈ ማለት ነው። ሺአ ቅቤና የኮኮናት ዘይት ለሰውነት ጥሩ ናቸው፤ የኮኮናቱ ግን ፊት ላይ ቀዳዳ ይደፍናል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ የዚህ ዘመን ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ የተገኘው ከከብት ዓይን ነው። ውሃ ይስባል፣ ልክ እንደ ግሊሰሪን። ትልልቁ ሞለኪውል ወደ ውስጥ አይገባም፣ ላይ ተቀምጦ ቆዳውን ለስላሳ ያስመስለዋል። መጥፎ አይደለም፤ ለእኔ ግን የዋጋውን ልዩነት የሚያህል ሥራ አይሠራም።

ዩሪያ የተሻለ ትኩረት ይገባው ነበር። በቆዳችን ውስጥም በተፈጥሮ አለ። እስከ 10 በመቶ ሲሆን ያረጥባል፤ ከ20 በመቶ ሲያልፍ የደደረውን ቆዳ ማላላት ይጀምራል። ስለዚህ ለተረከዝ ንቃቃት ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። ስንጥቁ ከደማ ግን ያቃጥላል፣ እስኪሽር ጠብቁ።

ሴራማይድ በሴሎቹ መካከል ካለው ስብ ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ነው። ችፌ ያለበት ሰው ሽታ የሌለው ሴራማይድ ያለበት ክሬም ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አይሄድም።

[በምስል፦ የሎሽኑ ጀርባ፤ ስሞቹ በጣት አንድ በአንድ ይጠቆማሉ]

አሁን እናንብበው። «አኳ፣ ግሊሰሪን፣ ፓራፊነም ሊኩዊደም፣ ሴቴያሪል አልኮሆል፣ ዳይሜቲኮን፣ ፌኖክሲኢታኖል፣ ፓርፉም፣ አሎ፣ ቶኮፌሮል።» ቅደም ተከተሉ ከብዛት ወደ ማነስ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። አኳ ውሃ ነው። ሁለተኛው ግሊሰሪን መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ፓራፊነም ሊኩዊደም የቫዝሊን ቀጭን ዘመድ፣ የማዕድን ዘይት ነው። ሴቴያሪል አልኮሆል ስሙ ያስደነግጣል እንጂ የሚያደርቀው አልኮል አይደለም፣ የሚያለሰልስ ስብ ነው። ፌኖክሲኢታኖል እንዳይበላሽ የሚጨመር ሲሆን በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዲያልፍ አይፈቀድም። እንግዲህ ከእሱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ቁንጥር ታክል ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተሣለው እሬት፣ ማለትም አሎ፣ የት እንደተጻፈ አያችሁ? ከሽቶው ቀጥሎ። ፓርፉም ማለት ሽቶ ነው፤ ቆዳው ለሚያሳክከው ሰው መጀመሪያ መወገድ ያለበት እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማርጠቢያ ቆዳ አያቀላም። በሁለት ሳምንት ፊት የሚያቀላ «ክሬም» ካጋጠማችሁ ውስጡ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም ክሎቤታሶል የሚባለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። ክሎቤታሶል ቆዳን ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ዝርዝር ያልተጻፈበትን፣ በፕላስቲክ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን አትግዙ። ለወራት ስትቀቡት የቆያችሁ ካላችሁ ደግሞ በድንገት ሲቆም ፊት ደም ሊመስልና ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ዕቃውን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።