ገመድ ጠቅላዩ ተለማማጅ

ሔኖክ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ወደ ቀረጻ ስቱዲዮ ለልምምድ የሚገባ ጀማሪ፣ ሙያውን ገና ሳያውቅ፣ ለስቱዲዮው የሚጠቅመው በምኑ እንደሆነ ነው። ራሔል ግን ገና ሳልጀምር እየሣቀች ነው።

ራሔል፦ የምሥቀው ወሬው ከገመድ እንደሚጀምር ስለማውቅ ነው። አንተ የስቱዲዮ ነገር ባነሣህ ቁጥር መነሻህ ገመድ ነው።

ሔኖክ፦ እንግዲያው አላሳፍርሽም። ልምምድ የገባሁ ዕለት ማይክሮፎን አስቀምጣለሁ፣ ሚክሰሩ ፊት እቀመጣለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ዋናው የድምፅ መሐንዲስ ግን አንድ ሣጥን ሙሉ ገመድ ፊቴ አኑረው «ጠቅልል» አሉኝ። እኔም በመዳፌና በክርኔ ዙሪያ እያዞርኩ፣ ፈጥኜም ስለ ጨረስኩ እየኮራሁ ጠቀለልኩት። መጥተው አዩት፤ ሁሉንም ፈትተው ወለሉ ላይ ዘረጉትና «እንደገና» ብለውኝ ሄዱ።

ራሔል፦ ምክንያቱን ሳይነግሩህ?

ሔኖክ፦ ያን ዕለት አልነገሩኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በክርን ዙሪያ የሚጠቀለል ገመድ በየዙሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ ጥምዙ እየተደራረበ ሲሄድ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችና እነሱን ከውጭ ጫጫታ የሚከላከለው መረብ ይጎዳሉ። ትክክለኛው አጠቃለል አንዱን ዙር እንደወትሮው አዙሮ ቀጣዩን ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። ያኔ የአንዱን ዙር ጥምዝ ሌላው ይፈታዋል፤ ገመዱም አንዱ ጫፉ ተይዞ ሲወረወር ሳይቋጠር ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ይህን እጄ እስኪለምደው ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ራሔል፦ እኔ ግን ይህን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ማየት ይከብደኛል። የዛሬ ጀማሪ የቀረጻ ሶፍትዌሩን ቤቱ አጥንቶ፣ ሚክስ ሠርቶ፣ ጆሮውን አሠልጥኖ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ሰው ገመድ ሲያስጠቀልሉት መዋል እውቀቱን ማባከን አይሆንም?

ሔኖክ፦ እውቀቱ ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን የሚለቅለት ሰው የለም። ስቱዲዮ ውስጥ ከሁሉ በላይ ውድ የሆነው ነገር ሳይቋረጥ የሚሄድ ሥራ ነው። ዘፋኙ ስሜቱ ሞልቶ ሊዘፍን ሲል የሄድፎኑ አንድ ጆሮ ዝም ቢል፣ ሌላ ሄድፎን ተፈልጎ፣ ተሰክቶ፣ ድምፁ ተስተካክሎ እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ያልፋል፤ ያ ስሜት ደግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ ላይመለስ ይችላል። ዘፋኙ ከመምጣቱ በፊት ሄድፎኖቹን አንድ በአንድ ሰክቶ ያዳመጠ ተለማማጅ፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ ያን ዘፈን አድኗል ማለት ነው። ይቅርታ፣ የእኔም ሄድፎን በግራ በኩል ይንጫጫል። ይሰማሻል?

ራሔል፦ ለእኔ አይሰማኝም። ቀጥል።

ሔኖክ፦ አሁን ፍንዳታውን ልንገርሽ።

ራሔል፦ ይህን ታሪክ ስሰማው አራተኛዬ ነው፤ አድማጮቻችን ግን አልሰሙትም።

ሔኖክ፦ ኮንደንሰር ማይክሮፎን የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው በዚያው በድምፅ ገመዱ በሚላክለት 48 ቮልት ነው፤ ፋንተም ፓወር የምንለው ማለት ነው። ሞኒተሮቹ፣ ማለትም የስቱዲዮው ድምፅ ማጉያዎች፣ ድምፃቸው ከፍ እንዳለ፣ ፋንተሙም ሳይጠፋ፣ ገመዱን ከማይክሮፎኑ መንቀል አይገባም። እኔ ነቀልኩት። በሞኒተሮቹ «ጧ!» ብሎ የወጣው ድምፅ ክፍሉን አናወጠው፤ ዋናው መሐንዲስ ከወንበራቸው ተነሡ፣ የባንዱ አባላት በሙሉ ጆሯቸውን ያዙ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ራሔል፦ አንተም ገመድ ይዘህ ቆመሃል።

ሔኖክ፦ ገመዱን ይዤ፣ ያውም በሚያምር አጠቃለል! «ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ጉሮሮዬ እየደረቀ፣ «እኔ ነኝ፤ ፋንተሙን ሳላጠፋ ነቅዬው ነው» አልኩ። እሳቸው ሞኒተሮቹን ዝግ አድርገው መሣሪያው በሰላም መሆኑን አረጋገጡና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በማግስቱ የከበሮውን ማይክሮፎኖች እንዳስቀምጥ ፈቀዱልኝ።

ራሔል፦ ባጠፋህ ማግስት! ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሔኖክ፦ እኔንም ለብዙ ጊዜ ገርሞኝ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቢው። ያን ድምፅ ያመጣው ማይክሮፎኑ ይሁን፣ ገመዱ፣ የማይክሮፎኑን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፕሪአምፕ ወይስ ሞኒተሩ ስለማይታወቅ፣ ባንዱ ተቀምጦ እየጠበቀ ሁሉንም አንድ በአንድ መፈተሽ ነበረባቸው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህ ሁሉ ፍተሻ ቀረ። ስለዚህ ጀማሪ የሚጠቅመው በምኑ ነው ስትዪኝ፣ ያጠፋውን ወዲያው፣ በትክክል፣ ሳያሳጥርና ሳያስረዝም በመናገሩ ነው እልሻለሁ።

ራሔል፦ ከጆሮውም በላይ?

ሔኖክ፦ በመጀመሪያው ዓመት፣ አዎን፣ ከጆሮውም በላይ።

ራሔል፦ በዚህ አልስማማም። እኔ በተለማመድኩበት ጊዜ አንዲት ዘፋኝ ስትዘፍን ከጀርባዋ ስስ የሆነ የብረት ድምፅ ይሰማኝ ነበር። መሐንዲሱ በዜማው ተወስዶ አላስተዋለውም፤ እኔም ተለማማጅ አስተያየት አይሰጥም ተብዬ ስለነበር ዝም አልኩ። የእጅ አምባሯ ነበር። የቀኑ ቀረጻ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው የተገኘው። ጆሮ ኖሮኝ አፍ ስላልነበረኝ ሥራው ሁሉ ተደገመ።

ሔኖክ፦ ይህን ነግረሽኝ አታውቂም። ሆኖም የተከለከለው ስለ አዘፋፈኗ አስተያየት መስጠት ይመስለኛል። «ሁለተኛው ስንኝ አልጣመኝም» ማለት የፕሮዲውሰሩ ድርሻ ነው። የአምባር ድምፅ ግን እንደ ተበላሸ ገመድ ስለሆነ፣ ዘፋኟ በማትሰማበት ሁኔታ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ለመሐንዲሱ ማቀበል ትችዪ ነበር።

ራሔል፦ ዜማው ወርዶ ቢሆንስ? እሱ ብልሽት ነው ወይስ አስተያየት?

ሔኖክ፦ እ... እሱንም በወረቀት።

ራሔል፦ ድንበሩ አንተ እንደምትለው ግልጽ አይደለም ማለት ነው።

ሔኖክ፦ ይሁን፣ ግማሹን ሰጥቼሻለሁ። ወረቀት ካነሣን ግን ማስታወሻ መያዝን ሳልናገር አላልፍም። ጄፍ ኤመሪክ በኋላ ኤቤይ ሮድ በተባለው የለንደን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1962 ረዳት ሆኖ ሲገባ ገና ለጋ ወጣት ነበር፤ በ1966፣ በ20 ዓመቱ፣ የቢትልስ ቀረጻ መሐንዲስ ሆነ። የዚያ ዘመን ረዳት ቴፑን ያስነሣል፣ ያቆማል፣ ያጠነጥናል፤ እያንዳንዱን ቴክ፣ ማለትም እያንዳንዱን የቀረጻ ሙከራ፣ በቁጥሩ ይመዘግባል።

ራሔል፦ ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግበው የለም?

ሔኖክ፦ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው «ኦዲዮ 47» ብሎ ነው! ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ለተቀዳው ፋይል ስም የሚሰጡት ከትራኩ፣ ማለትም አንዱ ድምፅ ለብቻው ከሚቀዳበት መስመር፣ ስም ስለሆነ፣ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ትራኩን «ቤዝ»፣ «ዋና ድምፅ» ብሎ ያልሰየመ ሰው፣ ከወር በኋላ ቤዙን ለማግኘት ስም የለሽ ፋይሎችን ሁሉ እየከፈተ ያዳምጣል። ደግሞም ዘፋኙ «ቅድም ሁለተኛውን ስንኝ አሳምሬ ያልኩበት የቱ ነበር?» ሲል፣ ከጥግ ሆኖ «አራተኛው ቴክ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ለሚቀጥለው ቀረጻ በስሙ ይጠሩታል።

ራሔል፦ ሲጠሩት ግን ይከፍሉት ይሆን? እየተማርክ ነው እየተባለ ለዓመታት በነጻ የሚሠራ ሰው አለ።

ሔኖክ፦ በዚህ አንከራከርም፤ የሚከፈልበትን ሥራ ብቻውን መሥራት ከጀመረ ሊከፈለው ይገባል። ልምምዱ መቼ ያበቃል የሚለው ግን ሌላ ውይይት ይፈልጋል። ይህ ሄድፎን ደግሞ አሁንም እየተንጫጫ ነው፤ ገመዱን ስነካው ይብሳል።

ራሔል፦ ሔኖክ፣ እኔ ነኝ።

ሔኖክ፦ ምኑ?

ራሔል፦ ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ስለነበር የሄድፎንህን ገመድ በክርኔ ዙሪያ ነው የጠቀለልኩት፤ ለወር ያህልም እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ።

ሔኖክ፦ ለወር! ይህን ሁሉ ሰዓት ስትሥቂ የነበረው ለዚህ ነው?

ራሔል፦ በከፊል። ትርፍ ገመድ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ላምጣልህ።

ሔኖክ፦ አምጪው፤ መጀመሪያ ግን ቀረጻውን አቁሚው።