«ተነሣ» የሚለው ግስ በዜና ውስጥ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት የሆናችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለችው ኮዬ ፈጬ መጥቼ ስለ ዜና አጻጻፍ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ብዙ ነገር ከምነካካ አንዲት ግስ ይዤ ብመጣ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ግሷ «ተነሣ» ናት። ጠዋት ከአልጋችን እንነሣለን፤ ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ ፎቶ እንነሣለን፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል።

ዜና ውስጥ ስትገባ ግን ጠባይዋ ይለዋወጣል። እሳት ይነሣል፤ ሁከት ይነሣል። ሹም ከሥልጣኑ ሲወርድም «ከኃላፊነት ተነሣ» ይባላል። በስብሰባው ላይ የውኃ ጥያቄ ተነሣ ስንል ጥያቄው ቀረበ ማለታችን ሲሆን፣ ክሱ ተነሣ ስንል ግን ክሱ ቀረ ማለታችን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እንዲነሣ ሲወስን፣ በአዋጁ ተገድበው የቆዩ መብቶች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የአንድ የምክር ቤት አባል ያለመከሰስ መብት ተነሣ ሲባል ደግሞ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሰጠው ከለላ ተወግዶ ሰውየው ለክስ ይጋለጣል። «ከዝናቡ የተነሣ መንገዱ ተዘጋ» ስንል ግሷ ግስነቷን ትታ «ምክንያት» የሚለውን ቃል ትተካለች።

ይህ ሁሉ ከሥሯ የመጣ ይመስለኛል። በግእዝ «ነሥአ» ማለት ወሰደ፣ «ተንሥአ» ደግሞ ተነሣ ማለት ነው፤ በአማርኛም «እንቅልፍ ነሣኝ» የሚል ሰው እንቅልፉ እንደተወሰደበት ይናገራል። መቆምና መወሰድ በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ናቸው።

እንዲህ ያለው ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያሳስበኝም፤ አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋልና። የሚያሳስበኝ አንድ አጠቃቀም ነው፤ እርሱም እዚህ በከተማዋ ዳርቻ ከሁሉም በላይ የሚሰማው «የልማት ተነሺዎች» የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ራዲዮው «ለልማት የተነሡ አርሶ አደሮች» እያለ ዜና ያነብ ነበር። አባታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እኔ መቼ ተነሣሁ? ተቀምጬ ሳለሁ ነው ያስነሡኝ» አሉኝ። ቀጥለውም በበሩ በኩል ወደሚታየው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ እያመለከቱ፣ የጤፍ ማሳቸው የት ጀምሮ የት ያበቃ እንደነበር በጣታቸው አሳዩኝ።

ትምህርት ቤት ከተማርሁት ሰዋስው ይልቅ የእርሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ አስተምሮኛል። «ተነሡ» ስንል ድርጊቱን በራሳቸው ፈቃድ የፈጸሙት እናስመስለዋለን፤ «አስነሣ» ስንል ግን ግሱ ራሱ አድራጊውን ይጠይቃል፤ ማን አስነሣ? ሕጎቻችን እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል አይጠቀሙም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት «የተፈናቀሉ» ሰዎች ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ «ተነሺዎች» ይላቸዋል። አዋጁ ቃሉን ተርጉሞ፣ ማን ካሳ እንደሚገባው ለመለየት ስለሚጠቀምበት አልነቅፈውም። ዜና ጸሐፊው ግን ቃሉን ያለ ትርጓሜው ተውሶ ሲያበቃ፣ አድማጩ ማን ወሰነ፣ መቼ፣ ስንት ሄክታር፣ ካሳው ተከፍሏል ወይስ ሊከፈል ነው የሚለውን ሳያውቅ ይቀራል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጻፍሁላቸው ሰዎች ራሳቸውን በጽሑፌ ውስጥ አላገኙም።

ከእናንተ መካከል ወላጆቻቸው ከዚሁ መሬት የተነሡባቸውም፣ ወላጆቻቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው እዚሁ የገቡም ተማሪዎች በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ እንደምትማሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ግስ በጥንቃቄ የመጠቀም ዕዳው ለእናንተ ከማንም ይቀርባል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያንን የራዲዮ ዜና ከክበቡ አባላት ጋር መልሰን እንጽፈዋለን፤ መነሻ የሚሆነንም አባታችን የነገሩኝ የማሳቸው ስፋትና ለቀው የወጡበት ወር ነው።

አመሰግናለሁ።