የተለጠፈው ብር ለምን ቀድሞ ይወጣል?

እሷ፦ ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ዓሣ ስገዛ በቦርሳዬ ሁለት ባለ መቶ ብር ኖቶች ነበሩ፤ አንዱ እጥፋት እንኳ የሌለበት አዲስ፣ ሌላው ወገቡ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ። ሳላስበው የተለጠፈውን ሰጠሁ። ሻጩም ቢሆን ሁለት መቶ ለሰጠው ለቀጣዩ ገዢ ወዲያው መልስ አድርጎ አሳለፈው።

እሱ፦ የግሬሻም ሕግ የሚባለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሁለት ገንዘቦች በአዋጅ እኩል ናቸው ተብለው በእውነተኛ ዋጋቸው ሲበላለጡ፣ ሰው የሚሻለውን ያስቀምጣል፣ የሚያንሰውን ያወጣል።

እሷ፦ የእኔ ሁለት ብሮች ግን ባንክ ቢገቡ እኩል ናቸው።

እሱ፦ ልክ ነሽ፤ ሕጉ በትክክል የሚታየው ሳንቲም ከብር ማዕድን ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1544 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳንቲሞቹ ውስጥ መዳብ እያበዛ ብሩን ወደ ሢሶ እስከማውረድ ደረሰ። ሳንቲሙ ሲታሽ በንጉሡ መልክ ላይ ቀድሞ የሚገለጠው አፍንጫው ስለነበር ሕዝቡ «መዳብ አፍንጫ» ብሎ ቀለደበት። የቀድሞውን ንጹሕ ብር የያዘ ሁሉ ደብቆት ወይም አቅልጦት ነበር። እንግሊዛዊው ነጋዴ ግሬሻም በኋላ ይህንኑ ለሄንሪ ልጅ ለንግሥት ኤልሳቤጥ አስረዳ፤ ስሙ ለሕጉ የተሰጠው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስም ቀድሞ ጽፎበታል።

እሷ፦ ታዲያ የእኛ ጠገራ ብርስ? ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያስመቱት ብር የኦስትሪያዋ ገዢ የማርያ ትሬዛ መልክ ካለበት ጠገራ ጋር በክብደትም በብር ይዘትም ተቀራራቢ ነበር፤ ገበያው ግን 1780 የተጻፈበትን አልለቀቀም።

እሱ፦ ሁለቱ ካልተበላለጡ ሕጉ የሚፈርደው ነገር የለም፤ የለየው የዓይን ልምድ ነው። የሚገርመኝ የወረራው ዘመን ነው። ጣሊያን ሊሬን በግዳጅ ለማስለመድ ቢሞክርም፣ ራሱ የጠገራውን ቅርጽ በ1935 እ.ኤ.አ. ከቪየና ወስዶ በሮም ያስመታ ነበር። አስገዳጁ እጅ ገበያው ድረስ ካልደረሰ፣ ሻጭ ወረቀቱን «አልቀበልም» ማለት ይችላል፤ ያን ጊዜ ከገበያ የሚወጣው መጥፎው ነው።

እሷ፦ አሞሌ ጨውም እንዲሁ ነዋ! ከአፋር ተጭኖ ጎጃም እስኪደርስ ዋጋው እየጨመረ፣ በአንድ ጠገራ የሚሰጠው የአሞሌ ቁጥር በየገበያው ይለያይ ነበር፤ እኩል ነው ብሎ ያወጀ ስላልነበረ ሁለቱም ጎን ለጎን ኖሩ።

እሱ፦ በቤታችሁ የቀረ ጠገራ አለ?

እሷ፦ አንድ ነበረ። አያቴ ለአንጥረኛ ሰጥታ የአንገት መስቀል አሠርታበታለች፤ ዛሬም በእናቴ አንገት ላይ ነው።