ከላስቲኩ ሥር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹ ሁሉም ወደየቤታቸው ሄደዋል። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ይህን ድምፅ የምቀዳው። ከኋላዬ ድስት ጥጃለሁ፤ የሚሰማችሁ ድምፅ የሱ ነው።

ዛሬ ስለ ጡጦ እጥበት ላወራችሁ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እቤቴ ውስጥ ዴይኬር ከከፈትኩ 7 ዓመት ሆነኝ። አሁን 5 ልጆች እይዛለሁ፤ ሁለቱ ጡጦ የሚጠቡ ናቸው። ልጁን ሊያስመዘግብ የሚመጣ ሰው ስለ እንቅልፉ ይጠይቀኛል፣ ስለ ምግቡ ይጠይቀኛል። ጡጦውን የት ነው የምታጥቢው ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። የኔ ቀን ደግሞ ግማሹ የሚያልፈው እዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የ8 ወር ልጅ ነበረኝ። ጡጦው ሆድ እንዳይነፋ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ቀጭን ቱቦ አለው፣ አንገቱ ላይ ስስ ላስቲክ አለው። በየቀኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና በቡሩሽ እፈትገዋለሁ። ወደ መስኮቱ አንስቼ አየዋለሁ፤ ጥርት ያለ ነው። አሸተዋለሁ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡጦው ያንጠባጥባል። ላስቲኩ ተጣሞ ይሆናል ብዬ በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣሁት።

ከሥሩ ጥቁር ነገር አለ። ዙሪያውን፣ እንደ ክር የቀጠነ። ሻጋታ ነው። ከጎኑ ደግሞ የደረቀ ወተት፣ ቢጫ ሆኖ እንደ ሰም ተጣብቋል።

ቆሜ ቀረሁ። ልጁ እኮ ያን ጡጦ ጠዋት ጠብቶበታል።

ለእናቱ ደወልኩ። "የኔ እህት፣ ልጅሽ ደህና ነው፤ ግን አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኳት። ጡጦው ማታ ማታ እነሱ ቤት ነው የሚታጠበው፤ ከናንተ ቤት ነው የመጣው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስንት ሳምንት በገዛ እጄ እንዳጠብኩት አውቃለሁ። ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ በኋላ "እኔም ያ ላስቲክ እንደሚወልቅ አላውቅም ነበር" አለችኝ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሌሊቱን የመጣችብኝ እናቴ ናት። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ገጠር ነው። የእናቴ የወተት ቅል አንገቱ ጠባብ ነበር። እጅ አይገባበትም፤ ውስጡም አይታይም። ታዲያ እማዬ የማይታየውን ታምነዋለች? በፍጹም። በፈላ ውሃ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች። ከዚያ የወይራ ፍም ትጨምርበትና ክዳኑን ይዛ ትንጠዋለች። ጭሱ ሲወጣ አሁንም ይሸተኛል። ከሰሉን አራግፋ ስትጨርስ አፍንጫዋን ቅሉ አፍ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቅር ካላት እንደገና ነው። ልጅ ሆኜ ይሄ ሁሉ ለምን እል ነበር። ወተት የተደበቀ ቦታ ይወዳል፤ እሷ ይህን ታውቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጡጦ ሳልፈታታ አላጥብም። ክዳኑ፣ ጫፉ፣ ቱቦው፣ ላስቲኩ፣ ሁሉም ለየብቻው ይወጣል። የማጥበው ሲንኩ ውስጥ አይደለም። ለጡጦ ብቻ የለየሁት ሳፋ አለኝ፤ ቡሩሹም የራሱ ነው። ለምን መሰላችሁ? የኛን ቤት ሲንክ አስቡት። ዶሮ በሎሚና በጨው የሚታጠበው እዚያ ነው። ያ ሁሉ ውሃ የወረደበት ቦታ ላይ የጨቅላ ጡጦ ጣል ይደረጋል? እ.ኤ.አ. በ2016 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ ጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ክሮኖባክተር በሚባል ጀርም ታሞ ነበር። ጀርሙ የተገኘው እናቱ የጡቷን ወተት የምታልብበት መሣሪያ ላይ ነው፤ የቤታቸው ሲንክ መውረጃ ውስጥም ተገኝቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሳፋዬን ራሱ በየጊዜው እፈትጋለሁ።

ከታጠበ በኋላ ደግሞ በፎጣ ማድረቅ የለም። እኛ ዕቃ አጥበን ካልወለወልን የጨረስን አይመስለንም አይደል? እጅ የተጠረገበት ፎጣ ግን የታጠበውን መልሶ ያቆሽሸዋል። ንጹሕ ወረቀት ላይ ደፍቼ በራሱ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። የማይቀቀል ዕቃ ሲሆን በረኪና እጠቀማለሁ፤ ሽቶ ያልተጨመረበትን፣ ለ1 ጋሎን (4 ሊትር ገደማ) ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ። ከታጠበ በኋላ 2 ደቂቃ ይነከራል፣ ከዚያ ሳይለቀለቅ ይደርቃል። "ሳይለቀለቅ?" ብለው የሚደነግጡ እናቶች አሉ። እኔም ደንግጬ ነበር። በዚህ መጠን ከሆነ የቀረችው በረኪና ሲደርቅ ትጠፋለች፤ መልሶ ማለቅለቅ ግን ጀርም ሊመልስበት ይችላል።

እስካሁን የሚከብደኝ የተረፈውን ወተት መድፋት ነው። እኛ ቤት ወተት አይደፋም ነበር። የተረፈው ይረጋል፣ ይናጣል፣ አሬራው እንኳ ይጠጣል። እዚህ ግን ልጁ መጥባት ከጀመረ 1 ሰዓት ያለፈው ፎርሙላ (የጣሳ ወተት) ይደፋል። ምራቁ ገብቶበታል፤ በምራቁ የገባው ጀርም ደግሞ እዚያው ይራባል። የእናት ጡት ወተት ከሆነ ጠብቶ ካበቃ በኋላ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ያቺ እናት ሌሊት ተነስታ፣ ቢሮ ውስጥ በር ዘግታ ያለበችውን ሲንክ ላይ ሳፈስ አንጀቴ ይላወሳል። ስለዚህ አሁን ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጡጦ ሞልታችሁ አታምጡልኝ። በ2 አውንስ በ2 አውንስ (60 ሚሊ ሊትር ገደማ) ከፋፍላችሁ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ አምጡ። ካነሰው እጨምርለታለሁ።

ሰኞ አዲስ ልጅ ይመጣል። 6 ሳምንቷ ነው፤ እናቷ ወደ ሥራ መመለሷ ነው። 2 ወር ላልሞላት ልጅ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ጡጦዋ በየቀኑ መቀቀል አለበት። ሦስቱን ጡጦ ዛሬ አምጥታልኛለች። ፈታትቻቸዋለሁ፤ ላስቲካቸውንም አውጥቻለሁ። ውሃው ፈልቷል። አሁን ከትቼ 5 ደቂቃ ልቁጠር። ደህና እደሩ።