ቆጵሮስ ባይሄዱ ኖሮ

እንደምን አመሻችሁ? ስለ ሼክስፒር ስናወራ ሁሌ የምንጨቃጨቀው ስለ ሰዎቹ ነው። ኦቴሎ ቀናተኛ፣ ኢያጎ ክፉ፣ አለቀ። እኔ ዛሬ ጥፋቱን ትንሽ ወደ ቦታው ላላክክ።

“ኦቴሎ”ን ብዙዎቻችን የምናውቀው በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ነው። የቬኒስ ጦር አዛዥ ኦቴሎ፣ የበታቹ ኢያጎ “ሚስትህ ከሌላ ወንድ ጋር ትማግጣለች” እያለ ሲዋሸው፣ በቅናት ሚስቱን ዴዝዴሞናን ይገድላል። መጀመሪያውን አስታውሱት። ቬኒስ ነን፣ ሌሊት ነው። የዴዝዴሞና አባት “ልጄን በአስማት ወሰደብኝ” ብሎ ኦቴሎን ይከሳል። ከሳሹ ትልቅ ሰው ነው፤ መስፍኑ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። ኦቴሎም ራሱ “እሷን አስጠሯትና ጠይቋት” ይላል። መጣች፣ ተናገረች፣ ክሱ እዚያው ወደቀ።

ከዚያ ቆጵሮስ። ደሴት፣ ምሽግ፣ ዙሪያውን ባሕር። የመጡት ቱርኮችን ለመዋጋት ነበር፤ ማዕበሉ ግን አንድ ሰይፍ ሳይመዘዝ የቱርክን መርከቦች አጥፍቶ ገላገላቸው። ምን ቀረ? ሥራ የፈታ ወታደር፣ መጠጥና ሐሜት። ዴዝዴሞና እዚህ አባት የላት፣ ሸንጎ የላት፤ ገዥውም ዳኛውም ባሏ ነው። ኦቴሎ እዚህም “ማስረጃ አምጣ” ይላል እኮ! ግን ማስረጃውን የሚያይለት ሌላ ዓይን ስለሌለ ኢያጎ ሌላ ወንድ እጅ እንዲገባ ያደረገው የሚስቱ አንድ መሐረብ ይበቃዋል፣ የዴዝዴሞና ደንገጡር ኤሚልያ “ሚስትህ ንጹሕ ናት” ብላ ብትከራከርላትም ጆሮ አይሰጣትም። ያው ሰው ነው። የተቀየረው ቦታው ነው።

ደግሞ ተውኔቱ በ1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሲታይ፣ ቆጵሮስ በ1571 በኦቶማኖች እጅ ከወደቀች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ኦቴሎ የሚጠብቀው ምሽግ እንደማይተርፍ ከተመልካቹ ብዙው ያውቃል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ባዶ መድረክ ላይ ነው። በ1599 የተሠራው ግሎብ ቲያትር መሃሉ ክፍት ነበር፣ ትርዒቱም ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ። የተሳለ ተራራ የለም። ቦታውን የሚሠራው የተዋናዩ አፍ ነው። በሌላው የሼክስፒር ተውኔት፣ “ንጉሥ ሊር” ውስጥ፣ ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ ግሎስተር ከዶቨር ገደል ራሱን ሊወረውር ይፈልጋል። ልጁ ኤድጋር ግን ሜዳ ላይ አቁሞት፣ ቁልቁል ሲታይ ቁራው ጥንዚዛ፣ ዓሣ አጥማጁ አይጥ ያክላል እያለ ገደሉን በወሬ ይሠራለታል። ሽማግሌው ዘለለ፣ ሜዳው ላይ ተደፋ፣ በተአምር የተረፈ መስሎት መከራውን ልቻል አለ። የሌለ ገደል ሰውን ሲቀይር አያችሁልኝ?

እናም “ኦቴሎ”ን የምታዘጋጁ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ለግንብ ሥዕል ገንዘብ አትጨርሱ። ትርዒቱ ረዘመ ብላችሁም መልእክተኛው ሎዶቪኮ ከቬኒስ የሚመጣበትን ትዕይንት አትቁረጡብኝ። ኦቴሎ እንግዳው ፊት ሚስቱን በጥፊ ይመታል፣ ሰውየውም ደንግጦ፣ በዓይኔ አየሁ ብዬ ብምል እንኳ ቬኒስ ውስጥ ይህን የሚያምነኝ የለም ይላል። እዚያ ጋ ተዋናዩ ትንሽ ዝም ይበል። አመሰግናለሁ።