ደብዳቤያችሁ ገቢ ሆኗል
(በቀድሞ የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ መምህሮቻችን፣ አብረን የተማርን የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ሙያችን የወደፊት ተስፋ እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ስለሱ መጨረሻ ላይ ትንሽ እላለሁ። በቅድሚያ ግን ደርና ስለምትባል የሊቢያ ከተማ ላውራችሁ። ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ከሐሳቤ አትወጣም።

ጊዜው ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። እኛ እዚህ የበዓል ዶሮና ሽንኩርት ዋጋ እየተከራከርን ነበር። ልጆች የእንቁጣጣሽ ስዕላቸውን ይቀባሉ። በዚያው ቀን ዳንኤል የተባለው አውሎ ነፋስ ከሜዲትራኒያን ባህር ተነስቶ የሊቢያን ምድር ረገጠ። ከዚያ በፊት ግሪክን ደብድቧታል። ዛጎራ በምትባል የግሪክ መንደር በአንድ ቀን 754 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሏል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ቀን!

እንዲህ ዓይነት አውሎ ነፋስ የሞቃት ባህር ልጅ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ቤቱ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ያለው ቀበቶ ነው። ሜዲትራኒያን ከዚያ ውጭ ነው። ነገር ግን በጋው ባህሩን በደንብ ካሞቀው በኋላ ከላይ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣበት፣ እዚያም የሄሪኬን፣ ማለትም የሞቃት ባህሩ ብርቱ አውሎ ነፋስ ጠባይ ያለው ነገር ይፈጠራል። ባለሙያዎች ሜዲኬን ይሉታል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢታይ ነው። ሌላም ቦታ ያልተለመደ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ካታሪና የተባለ አውሎ ነፋስ ደቡብ ብራዚልን መታ። በ2017 ኦፌሊያ የተባለ የሌላው ርዝራዥ አየርላንድ ድረስ ዘልቆ ሰው ገደለ።

ታዲያ ስለ ደርና ሲወራ “እዚያ ይህን ማን ጠብቆ?” የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ነው የማልቀበለው! ዛሬ የመጣሁትም ይህን ለመናገር ነው።

ጠብቀውታል። የሊቢያ የሜትሮሎጂ ማዕከል ከ72 ሰዓት በፊት ለመንግሥት አካላት በኢሜይል አስታውቋል። በኢሜይል! ከደርና በላይ ባለው ደረቅ ወንዝ ላይ ሁለት ግድቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዩጎዝላቪያ ኩባንያ የሠራቸው፣ መሐላቸው ሸክላ አፈር፣ ውጫቸው የድንጋይ ሙሌት የሆኑ ግድቦች ናቸው። አብዱልወኒስ አሹር የተባለ የኦማር አል ሙክታር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው ጥናት ግድቦቹ በአስቸኳይ ካልተጠገኑ፣ ትልቅ ጎርፍ የመጣ ቀን ከተማዋ እንደማትተርፍ ጽፏል። ዳንኤል ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤትም ለጥገና የተመደበ ከሁለት ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሥራ ላይ አለመዋሉን በ2021 አስታውቋል።

ከዚያ ምን ሆነ? ዝናቡ መጣ። በአቅራቢያዋ በአል በይዳ በ24 ሰዓት 414 ሚሊ ሜትር ወረደ። ለደርና ሰው አንዱ “ውጡ” አለው፣ ሌላው “ቤታችሁ ተቀመጡ” አለው። የእኛ አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የላይኛው ግድብ ተደረመሰ። ውሃው ወርዶ የታችኛውን ጠራረገው። የታችኛው ከከተማዋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚርቀው። ፎቆች ከነነዋሪዎቻቸው ባህር ገቡ። ሰዉ በሺዎች አለቀ፤ በቁጥሩ እስከዛሬ ስምምነት የለም።

ሊቢያ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ስንት የሰፈራችን ልጅ ነው በዚያ በረሃ ያለፈው! ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሲሞላም አዲስ ነገር አይሆንብንም። የድሬዳዋ ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 ሰው በላይ ሲወስድ፣ አስከሬን የፈለጋችሁ አላችሁ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከደጋው ነበር። ከታች የተኛው ሰው ጠብታ ሳያይ ነው የተወሰደው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ቦታውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። አንድ አነስተኛ የመስኖ ግድብ ልፈትሽ ተላክሁ። እዚያ በዕድሜ የገፉ ጥበቃ ነበሩ። “ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ላሳይህ” ብለው ወደ ጎጇቸው ወሰዱኝ። ከግድግዳው ሥር የሃይላንድ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል። ከግድቡ እግር ሥር የሚወጣውን ውሃ በየሳምንቱ እየቀዱ ያስቀምጡ ነበር። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ ያለው ሥሩ ላይ ስስ አተላ አለው። እያለ እያለ ሄዶ የመጨረሻው ውስጥ ያለው ጭቃ አውራ ጣቴን ያህል ደርሷል። አንዱን ከፍቼ ጭቃውን በጣቶቼ አሸሁት። ሸክላ ነው። ከግድቡ ሆድ የሚወጣ ሸክላ!

እናንተ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከአፈር ግድብ ሥር ንጹህ ውሃ ቢሰርግ ይለካል፣ ይጠበቃል። ድፍርስ ሲሆን ግን ውሃው አፈሩን እየበላ ውስጥ ለውስጥ መንገድ እየሠራ ነው። “ጋሼ፣ ይህን ለማን ነገሩ?” አልኳቸው። “ያልነገርኩት የለም” አሉኝ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻውም በቁጥቋጦ ተዘግቷል። ማታውኑ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ፎቶውንም አያያዝኩ። መዝገብ ቤት አስገባሁ። ማህተም ተመታበት፦ ገቢ ሆኗል። ስመላለስ “በሂደት ላይ ነው” ተባልኩ። በኋላ ደግሞ “የዘንድሮ በጀት ተዘግቷል”። ከዚያ ኃላፊው ተቀየረ፤ አዲሱ “እስቲ ፋይሉ ይፈለግ” አለ። ጥበቃው ጡረታ ወጡ። ግድቡ እስከዛሬ ቆሟል። የቆመው ግን ስለተጠገነ አይደለም!

እና ማን ነው “ማን ጠብቆ” የሚለኝ? የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ አለ! ደርና ላይ ነበር። እኛም ጋ አለ፤ ፕላስቲክ ደርድሮ ተቀምጧል! ሰማዩን አንወቅስም። ባህሩ እየሞቀ ነው፤ ያልተለመደው ዝናብ ያልተለመደ ቦታ ይመጣል፤ ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ማስተንፈሻ መመንጠር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም! ሊቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ፍርድ ቤት በግድቦቹ ጉዳይ 12 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣናትን ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ቀጣ። ሰው ካለቀ በኋላ ነው እንጂ ፋይሉ ያን ጊዜ ተከፍቶ ቢሆን!

ስለ ሙያችን ተስፋ ቃል ገብቼ ነበር። አዳዲሶቹ ልጆች በሳተላይት መረጃና በሞዴል ከእኛ እጅግ የተሻሉ ናቸው። ጥሩ ነው። መስክ መውጣትን ግን እንዳይተዉ እለምናለሁ።

አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማህበራችን መዝገብ ይክፈት። ማናችንም ስለ ግድብ ደህንነት የጻፍነውን ማስጠንቀቂያ ቅጂ እዚያ እናስገባ፦ የቱ ግድብ፣ መቼ ተጻፈ፣ ለማን ተላከ፣ መልሱ ምን ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜን ስንሰበሰብ መልስ ያላገኙት ከዚህ መድረክ ላይ ጮክ ተብለው ይነበቡ። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ይጋበዙና ቁጭ ብለው ይስሙ። ቅጹን አዘጋጅቻለሁ፤ መግቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እራት ከመቅረቡ በፊት ሙሉት።

አመሰግናለሁ።